የቀኝ እጅ አመልካች ጣት

«ጣታቸውን አወቅሁት» አሉ አሮጊቷ፣ ጥጡን በመንጋጋቸው እንደነከሱ። ማደንዘዣው ገና ስላለቀቃቸው ግማሽ ከንፈራቸው ወደ ጎን ተንሻፏል። «የጋሽ ዶክተር ጣት ነው። ጎማ የሌለው። እዚህ ጋ ድዴን ጫን አደረጉኝ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቀን አሳመውኝ አያውቁም።»

ሐኪሟ ሳቀች። ሌላ ምን ታድርግ? ጋሽ ዶክተር የሚሉት አባቷን ነው፤ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ይህ ክሊኒክ፣ ይህ የጥርስ ወንበር፣ መስኮቱ ሥር የቆመው የብረት ቁምሳጥን፣ ሁሉም የእሱ ነበር፤ አሁን የእሷ ነው። ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ደግሞ ብዙ ይናገራል። ምላሴ ጠፋብኝ የሚል አለ፤ ጉንጬ ትራስ አከለ የሚል አለ። የሞተ ሰው ጣት አፌ ገባ ያለ ግን እስከዛሬ አልገጠማትም። ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗ እጇ ላይ ወደቀ። የቀኝ እጇ ጓንት አመልካች ጣቱ ጫፍ ላይ ተከፍቷል። ተቀዶ አይደለም፤ ክብ ሆኖ፣ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል። የጣቷ ጫፍ ራቁቱን ወጥቶ በአሮጊቷ ምራቅና ደም ርሷል።

ረዳቷ አየችው። ይህችን ረዳት ሰው ሁሉ ሳቂታ ነው የሚላት፤ ጥርስ የሚያማቸው ሰዎች መሃል ቀኑን ሙሉ ስትስቅ የምትውል ሌላ ሰው የለችም። «የዛሬው ካርቶን ነው፤ ውራጅ ነው ያመጡልን!» አለች። «እኔ እንደሆነ ያን አቅራቢ አይኑን ሳየው ነው ያወቅሁት።»

ሐኪሟ ጓንቱን ገልብጣ አወለቀችና ታጠበች። እጅ መታጠብ በእሷ ዘንድ ውሃ ማስነካት አይደለም። ቀለበት ሥራ ቦታ አታደርግም፤ ሰዓቷን ታወልቃለች፤ በመዳፏ፣ በእጇ ጀርባ፣ በጣቶቿ መሃል ሳሙናውን ታዞራለች፤ አውራ ጣቷን ለብቻው ታሻለች፤ የጣቶቿን ጫፍ መዳፏ ላይ ትፈትጋለች፤ አለቅልቃ በወረቀት ፎጣ ታደርቅና ቧንቧውን በዚያው ወረቀት ትዘጋለች። ጓንት ከማድረጓ በፊት እንዲህ ነው፤ ካወለቀች በኋላም እንዲሁ። ጓንታቸውን አጥበው ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው የሚያልፉ ሐኪሞች አሉ ሲባል ደሟ ይፈላል። «ጓንት ይጣላል፣ የሚታጠበው እጅ ነው» ትላለች፤ ሳቂታ ይህን ንግግር በቃሏ ይዛዋለችና ሐኪሟ አፏን ስትከፍት ቀድማ ትጨርሰዋለች።

የዚህ ሁሉ መታጠብ ዕዳ የሚወርደው ቆዳዋ ላይ ነው። በደረቁ ወራት የእጇ ጀርባ ይላጣል፣ የጣቶቿ ጫፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ካደረቀች በኋላ መሳቢያውን ትከፍትና ክብ ቆርቆሮ ታወጣለች። ውስጡ ያለውን ቅባት የምትሠራላት እናቷ ናት፤ ቫዝሊንና ዘይት ከሰም ጋር አቅልጣ፣ ቅርንፉድ ወቅጣ ጨምራበት። ለአባቷም ስትሠራለት የኖረችው ይህንኑ ነው። ቆርቆሮውም የእሱ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የነበረው ሥዕል በአውራ ጣቱ ተፍቆ አልቋል። ሐኪሟም ልክ እንደ አባቷ በአመልካች ጣቷ ዛቅ ታደርግና ትቀባለች፤ ከዚያ አዲስ ጓንት። ቅባቱ ሲነካት እናቷ እጇን የያዘቻት ይመስላታል።

የዚያን ቀን ግን ስትቀባ ዓይኗን ከጣቷ አላነሣችም፤ ምክንያቱም ያንን ቀዳዳ ከዚህ በፊት አይታዋለች።

አባቷ የባዶ እጅ ዘመን ሰው ነበር። ሲማር ጓንት ለቀዶ ጥገና እንጂ ለጥርስ ነው ያለው አልነበረም፤ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ ጣቱ የሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። ጥርሱን ከማየቱ በፊት ይዳብሰዋል። «ጣቴ ያያል» ይል ነበር። ዘመን ተለውጦ ጓንት ግዴታ ሲሆን ያልተነጫነጨበት ቀን የለም። «ዓይንህን ሸፍነህ መርፌ ክተት ነው የሚሉኝ!» እያለ፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳይል ለመጣ ለሄደው ይሰብክ ነበር። አደረገው፤ ማድረጉንስ አደረገው። ግን ሁልጊዜ ከሥራ ሲወጣ የቀኝ እጁ ጓንት አመልካች ጣቱ ላይ ክፍት ነበር።

ይህን ያየ ሰው ምን ይላል? ያው ነው ያሉት። ሽማግሌው ተደብቆ በመቀስ ይቆርጠዋል አሉ። ባልደረቦቹ አፌዙበት፤ ሚስቱ ተቆጣች፤ ልጁ፣ ያኔ ተማሪ፣ አፈረችበት። እሱ ግን «አልቆረጥኩም» ይል ነበር። በቁጣ ብሎታል፣ እየሳቀ ብሎታል፣ ኋላ ኋላ ደክሞት በሹክሹክታ ብሎታል። ማን ይመነው? ጓንት ያሳውራል እያለ ሲሰብክ የኖረ ሰው ነው።

ከዚያ ጉበቱ ታመመ። ከታካሚ ደም የሚያዝ፣ ክትባት የሌለው ዓይነት። የገባው በዚያች በተሰነጠቀች ጣት ነው ብለው የጠረጠሩት ሐኪሞቹ ናቸው። እናቷ ስታስታምመው እንደ ሕፃን ነው ያስታመመችው፤ አጥባዋለች፣ አጉርሳዋለች፣ አገላብጣዋለች። ይቅርታ ግን አላደረገችለትም። «ገደለን» ትል ነበር፣ እሱ እየሰማ፤ «ለአንድ ጣት ኩራት ሲል ቤቱን ገደለ።» በመጨረሻው ቀን ጠዋት ያቺን ጣት ከብርድ ልብሱ ላይ ቀና አደረገና «እኔ አልቆረጥኩም እኮ» አላት። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንድ «እሺ» ብቻ ነበር የሚፈልገው። ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷም አላለችለትም።

እና አሁን ያ ቀዳዳ በእሷ ጣት ላይ መጣ።

አቅራቢ ቀየሩ። የሌላ ፋብሪካ ጓንት፣ ወፈር ያለ፣ አስተማማኝ የተባለ። ተከፈተ። ጥፍሯን ሥጋዋ እስኪታይ ከረከመች። ተከፈተ። አንዳንዱ ቀን ሥራው መሃል ላይ ትደርስበታለች፤ መሣሪያውን ታስቀምጣለች፣ ታወልቃለች፣ ትታጠባለች፣ ትቀባለች፣ አዲስ ታደርጋለች፣ እሱም ይከፈታል። ከአሥሩ ጣት ያቺው አንዷ። ጠዋት ክሊኒኩን ስትከፍት ደግሞ የቅርንፉድ ሽታ ይቀበላታል። የአባቷ ባለጎማ መቀመጫ፣ ታካሚው አጠገብ ተቀምጦ ይሠራበት የነበረው፣ ሌላው ነገር ነው፤ እሷ አጭር ናትና ማታ ዝቅ አድርጋው ትሄዳለች፤ ጠዋት ወደ እሱ ቁመት ከፍ ብሎ ታገኘዋለች።

«የማደንዘዣ ጋዝ ሸትቶን ነው» አለች ሳቂታ። ስትለው ግን አልሳቀችም።

ወሬ እግር አለው፣ ሰፈሩን ዞረ። ጥቂት ሰዎች ቀሩ። የሚገርመው ግን ሌሎች መምጣታቸው ነው፤ የአባቷ የድሮ ታካሚዎች፣ ምንም የማያማቸው ሁሉ፣ «እስቲ ጋሽ ዶክተር ይንኩኝ» እያሉ አፋቸውን ከፍተው ይጋደማሉ። አንዱ ጡረተኛማ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ይዞ መጥቶ ነበር፤ የሚነካ ድድ እንጂ የሚነቀል ጥርስ የለውም። ሐኪሟ ሳቂታን አይታ ሳቀች፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ፈርታ ነበር። አባቷ ለምን እንደሚመጣ አላወቀችም፤ ይዟት ሊሄድ እንደሆነ ግን ጠረጠረች።

አናጢው የመጣው ያኔ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ኮፍያውን አውልቆ፣ «ዶክተር፣ ሳልደብቅ ልንገርሽ» አላት። «ጉበቴ በሽተኛ ነው። ደሜ ጥሩ አይደለም። ሌላ ቦታ ስናገር ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ይሉኛል። ጥርሴ ደግሞ ገደለኝ።»

«እዚህ ማንም ነገ ና አይልዎትም» አለችው። ለማንኛውም ታካሚ የምታደርገውን ነው ያደረገችው፤ ማስክ፣ መነጽር፣ ንጹሕ እጅ። ስትቀባ ስንጥቋ እንዳያቃጥላት አመልካች ጣቷን ጠቀም አድርጋ ቀባችው፤ በላዩ ላይ ጓንት፣ በጓንቱ ላይ ሌላ ጓንት ደረበች። መንጋጋው ክፉ ነበር፤ ሥሩ ተቆልምሟል። በጉጠቱ ስትታገለው ቆይታ ነቀለችው፤ ጎዙን፣ ደም መምጠጫውን ጨርቅ፣ ቦታው ላይ ጫን አደረገች። ከዚያ ሙቀት ተሰማት። የሰው ደም ሙቀት በጎማ በኩል እንዴት እንደሚሰማ ታውቀዋለች፤ ይህ ያ አልነበረም። ሁለቱም ጓንት ተከፍቶ ነበር፤ የተሰነጠቀችው ጣቷ ደሙ ውስጥ ቆማለች።

ሰውየውን አላስደነገጠችውም። ሥራዋን ለሳቂታ በዓይኗ አስረክባ ወደ መታጠቢያው ሄደች። ሳትጨምቅ፣ ሳትፈትግ፣ የቧንቧው ውሃ እየወረደ በሳሙና ታጠበች። በዚያው ቀን ደሟን ሰጠች። የመጀመሪያው ምርመራ የዛሬን እንጂ የነገን አይናገርም፤ ተመልሰሽ ነይ፣ ገና ወራት አለ አሏት። የአባቷም እንዲህ ነበር የጀመረው።

ሳቂታ ምስጢር ብትይዝ ኖሮ ሳቂታ አትባልም ነበር። በማግስቱ እናቷ ክሊኒኩ በር ላይ ደረሰች፤ ሻሿ ተጠምዝዞ የታሰረ፣ ዓይኗ የቀላ።

«መቀሱን አምጪ» አለች።

«የምን መቀስ፣ እማዬ?»

«አታሞኚኝ! የምን መቀስ ትለኛለች ደግሞ! የአባትሽን መቀስ። ወርሰሽዋላ። ክሊኒኩን ወርሰሽ፣ ወንበሩን ወርሰሽ፣ እሱን ትተይ ነበር? አንዱን ቀበርኩ፤ አሁን ደግሞ አንቺንም ልቅበር ነው የምትይኝ?»

«እማዬ ሙች፣ እኔ አልቆረጥኩም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሁለቱም ደነገጡ። የእሷ ድምፅ ነው፤ አወጣጡ ግን የእሷ አልነበረም። ያ የደከመ፣ መታመንን ተስፋ የቆረጠ አባባል ነበር። ከወንበሩ ጀርባ የቅርንፉድ ሽታ መጣ። እናቷ ልክ እንደዚያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ያንን ጋውን ካላወለቅሽ» አለች ለግድግዳው፣ «እናቴ ብለሽ አትጥሪኝ። ሁለተኛ ቆሜ አላይም።»

ሐኪሟ አለመታመን እንዴት እንደሚያም ያን ቀን አወቀች። አባቷ ስንት ዓመት ተሸክሞት እንደኖረ ስታስበው አንጀቷን በላው። ግን ታዲያ ማን ቆረጠው?

መልሱን ያገኘችው በአንድ ዝናባማ ከሰዓት ነው፤ ያውም ሳትፈልገው። ጣቷ ላይ ፕላስተር ስለለጠፈች እንዳይቆሽሽባት ጓንት አድርጋ ነበር ቅባቱን የዛቀችው። ግራ እጇን ልትቀባ ስትል ስልክ ጠራ፤ ጓንቱን አውልቃ ቆርቆሮው ላይ ጣል አድርጋው ሄደች። የደወለችው የጥርስ ሕመምተኛ ነበረች፤ የት እንደሚያማት ለማስረዳት ከልጅነቷ የጀመረች። ሐኪሟ ስትመለስ ጓንቱን ልትጥል አነሳችው። አመልካች ጣቱ አብጦ፣ ለስልሶ፣ እንደ ረጠበ ወረቀት ሆኖ ነበር። ጫፉን ሳብ አደረገችው። ክብ ሆኖ ወለቀ።

ቆማ ቀረች። ተምራዋለች እኮ! ቫዝሊንና ዘይት የጎማ ጓንት ይበላል፤ ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሳዋለች። ሱቅ ውስጥ ቫዝሊን ብታይ ትዝ ይላት ይሆን ነበር። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ግን ለእሷ የእናቷ እጅ እንጂ ቫዝሊን ሆኖ አያውቅም። በየቀኑ በአመልካች ጣቷ እየዛቀች፣ ጥፍሯ ሥር እየተጠቀጠቀ፣ ያቺን አንዷን ጫፍ ስታስበላ ከረመች። አባቷም እንዲሁ። አልቆረጠም። እውነቱን ነበር። ስንት ዓመት እውነቱን ሲናገር ኖሮ ውሸታም ተብሎ ተቀበረ።

መጀመሪያ ደስ አላት፤ እየሮጠች ሄዳ ለእናቷ ልትነግራት ጃንጥላዋን አነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ሌላኛው ሐሳብ መጣና እግሯን ያዘው። ቅባቱን ማን ነው የሠራው? ምድጃው አጠገብ ቆማ እያማሰለች፣ እጁ እንዳይሰነጠቅ ብላ፣ ቆርቆሮው ሳይጎድል እየሞላች፣ በኮቱ ኪስ እየከተተች የሸኘችው ማን ነው? አባቷን ነጻ የሚያወጣው ነገር እናቷን ገዳዩ ሊያደርጋት ነው። ጃንጥላውን መልሳ ሰቀለችው።

ቆርቆሮውን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችና ዘይት የሌለው የእጅ ክሬም ገዛች። ማታ ራት ላይ «እማዬ፣ ቆርጬው ነበር» አለች። «አሁን ግን ትቼዋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እናቷ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰች። ከዚያ እጇን ያዘቻት። «እግዜር ይስጥሽ» አለች። «ቢያንስ አንቺ አመንሽ። አባትሽ እስኪሞት አላመነም።»

ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ጓንት አልተከፈተም። አንድም ቀን። ሳቂታ «አቅራቢው ፈራኝ» ብላ ኮራች። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቅባቱ የለም፣ ቀዳዳው የለም፤ የቅርንፉዱ ሽታ ግን ጠዋት ጠዋት ከበፊቱ ብሶ ይጠብቃታል። መቀመጫው ከፍ ይላል። አንድ ቀን ባንክ የምትሠራ፣ አባቷን አይታው የማታውቅ ወጣት ሴት ጥርሷ ተሞልቶ ስትነሣ፣ «ዶክተር፣ አንዱን ጣትሽን ጓንት አታደርጊበትም እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟ ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየቻት። ጓንቱ ሙሉ ነበር። «ይገርማል» አለች ሴትዮዋ ጉንጯን እየዳበሰች፣ «ቀዝቃዛ ጣት ነው የነካኝ። እንደመለመን ነው ያደረገኝ።»

ሐኪሟ ያን ጊዜ ገባት። አባቷ የቀረው «አልቆረጥኩም» የምትል አንድ ቃል ብቻ ነበረች፤ እሷንም «ቆርጬው ነበር» ብላ ወሰደችበት። ይዟት ሊሄድ አልነበረም የመጣው። ቃሉን የሚመልስለት ሰው ፈልጎ ነው። ግን እንዴት ብላ ትመልስለት? ከሞተው አባቷና በሕይወት ካለችው እናቷ አንዱን ምረጪ የተባለች ያህል ነበር፤ በየቀኑ እናቷን ትመርጣለች፣ በየቀኑ ያ ሽታ በሩ ላይ ይቀበላታል።

የሁለተኛው ምርመራ ውጤት ንጹሕ መሆኑ በተነገራት ሰሞን እናቷ ክሊኒኩ መጣች። ሳቂታ ፈቃድ ላይ ነበረች። እናቷ ፊቷ ፈክቷል፤ ከቦርሳዋ አዲስ ቆርቆሮ አወጣች፣ ገና ለብ ያለ። «አሁን አቅልጬ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ነው የመጣሁት» አለች። «ያኛው እንዳለቀ ገምቼ። ለደስታሽ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማዬ። እዚያ ጋ አስቀምጪው።»

«አስቀምጬ አልሄድም። የአባትሽን ቁምሳጥን ልበረብር ነው የመጣሁት። ያን መቀስ አግኝቼ እስክጥለው እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ወንበሩ ላይ አንድ መምህር አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፤ ጥርሱ ተሰርስሮ ባዶውን ቀርቷል፣ ምራቅ ከገባበት ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ፊቷን ወደ ታካሚው መልሳ፣ በየቀኑ ለሳቂታ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለጠጋኙ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ የምትለውን ነገር፣ ልብ ሳትለው አለችው፤ «እዚያ ውስጥ ስለት አለ፤ ጓንት ሳታደርጊ እንዳትነኪ።»

እናቷ ከሳጥኑ ጓንት ስትስብ ሰማች። ጎማው እጅ ላይ ሲጠለቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማች። የቁምሳጥኑ በር ሲጢጥ አለ። ብረት ከብረት ተጋጨ፤ መሳቢያ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ሐኪሟ ጥርሱን በንብርብር እየሞላች፣ እያደረቀች፣ እንደገና እየሞላች ነበር። ብዙ ከቆየች በኋላ የቅርንፉዱ ሽታ ማስኳን አልፎ ገባ። ያኔ ትዝ አላት። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ብላለች።

ትታ መሄድ አትችልም። አፍ ከፍቶ የተጋደመ ሰው ትቶ አይኬድም። እጇ ሳይቸኩል ልቧ እየሮጠ ሙሌቱን ጨረሰች፤ አስነከሰችው፣ ትርፉን ሞረደችለት፣ አስነሣችው። መምህሩ አመስግኖ ወጣ። ከቁምሳጥኑ በኩል ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል።

እናቷ የአባቷ መቀመጫ ላይ ተቀምጣለች። መሳቢያዎቹ ሁሉ ተዘርግፈዋል፤ ጉጠት፣ መስተዋት፣ ዝገት የበላው መርፌ። መቀስ የለም። ቀኝ እጇን ከፊቷ አቅንታ እያየችው ነው። ከጓንቱ ጫፍ አመልካች ጣቷ ወጥቷል፤ ቆዳው የተሸበሸበ፣ በቅባት የሚያበራ ጣት። ቀዳዳው ክብ ነበር።

«አየሽኝ?» አለች፣ ዓይኗን ከጣቷ ሳታነሣ። «መቀስ ነክቻለሁ?»

«አልነካሽም፣ እማዬ።»

«እኔ አልቆረጥኩም።»

«አልቆረጥሽም።»

እናቷ ግራ እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘርግታ ቆርቆሮውን አነሣች። ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተችው፣ ዘጋችው።

«ታውቂ ነበር» አለች እናቷ።

ሐኪሟ አንገቷን ደፋች።

«ታውቂ ነበር፤ ለዚያ ነው ቆረጥኩ ያልሽኝ። እኔን ብለሽ።» ድምፅዋ አልጨመረም። «ባንቺ ፊት ነው የለመነኝ እኮ። ጣቱን እንዲህ አድርጎ። እኔ ምን አደረግሁ? ግድግዳ አየሁ። በገዛ እጄ ያቀለጥኩትን እየቀባሁት፣ በገዛ አፌ ገደልከን አልኩት።» ከዚያ አለቀሰች፤ ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችውን። ባሏ ሲቀበር እንኳ ዓይኗ ደርቆ ነበር፤ ቂም የያዘ ሰው እንባ አይመጣለትም። ሐኪሟ ተንበርክካ ጉልበቷን አቀፈች። «አላወቅሽም፣ እማዬ፤ እኔ የተማርኩት እንኳ አላየሁትም፤ ማናችንም አላወቅንም» አለች፤ ደጋገመችው፤ እውነትም ነበር፣ ግን አላጽናናትም።

እናቷ አፍንጫዋን በክንዷ ጠርጋ ተነሣች። የተቀደደውን ጓንት አወለቀች። «እንዴት ነው የምትታጠቡት?» አለች። «እናንተ እንደምትታጠቡት አጥቢኝ።»

መታጠቢያው ጋ ጎን ለጎን ቆሙ። ሐኪሟ የእናቷን እጆች በእጆቿ መሃል ይዛ ሳሙናውን በመዳፏ፣ በእጇ ጀርባ፣ በጣቶቿ መሃል አዞረች። አውራ ጣቷን ለብቻው አሸችው። ቅባቱ እምቢ ብሎ ነበር፤ ደግማ አጠበቻት፣ ሠለሰች፣ ከጥፍሯ ሥር በብሩሽ አወጣችው። አደረቀቻት። ከሳጥኑ አዲስ ጓንት ሳበችና በእጇ ላይ አለበሰቻት፣ ጣት በጣት።

እናቷ ወደ መቀመጫው ተመለሰች። አልተቀመጠችበትም፤ ከፊቱ ቆመች። መቀመጫው ከፍ ብሎ ነበር፣ በእሱ ቁመት። የጓንቱን አመልካች ጣት አቅንታ፣ ሰው የተቀመጠበት ይመስል፣ ለመቀመጫው አሳየችው።

«አልቆረጥክም» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ አምኜሃለሁ። አልቆረጥክም።»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ክፍሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ሌላ የሚሸት ነገር አልነበረም። እናቷ ጣቷን አላወረደችም፤ ጓንቱ ይከፈት እንደሆነ እያየች፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። አልተከፈተም። በእንግዳ መቀበያው በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀጠሮው ያለፈበት ባለጉዳይ ነው።

«እማዬ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ፣ «ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቅ» አለች እናቷ። «አባትሽም ጠብቋል።»